በደጋው ሰው ደም የተጻፈ ታሪክ

ጮቄ ተራራ ከምሥራቅ ጎጃም መሐል ቆሟል። አማኑኤል በደቡብ ምዕራብ፣ ቢቸና በምሥራቅ፣ ሞጣ በሰሜን ዙሪያውን ይዘውታል፤ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከእሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዚህ ደጋ ያደገ ሰው ኮሶን በዛፍነቱም በመድኃኒትነቱም ያውቀዋል። የሴቴዋ ዛፍ ቀይ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጠጪው ያን ዕለት ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ደጁን የሚረግጥ የለም፤ ጌታም ቢሆን አሽከሩን በዚያ ቀን ለሥራ አያዝዘውም ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህ በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደጋገም የቤተሰብ ሥርዓት ነበር።

በ1770 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ ጽፎ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በቀጣዩ መቶ ዓመት የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። አባቶቻችን መጠኑንና አደጋውን ከልምድ ያውቁ ነበር፤ ከልክ በላይ የጠጣ ዓይኑን እስከማጣት ይደርሳልና። ዳሩ ግን ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ በዋናነት የሚያባርሩት በጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ረጅም ትል ነው። ወስፋትና በባዶ እግር የሚገባው መንጠቆ ትል በልጆቹ አንጀት ውስጥ ቀርተዋል። እነሱን የተሸከመ ልጅ ደም ምን ሲሠራ እንደኖረ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ ታሪኩን የጻፉትም በአብዛኛው ሌሎች ናቸው።

ከኮሶ ጋር አብሮ የሚነሣ ሌላ ቅርስ አለን። ፈንጣጣ በየዘመኑ እየተመላለሰ መንደር ሲያራቁት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ከሕመምተኛ ቁስል መግል ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ማስገባት የታወቀ ጥበብ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን አይቶ ጽፏል። የተከተበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ታምሞ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይነካውም። አንዳንዱ ግን በዚያው ይሞታል፤ በሽታውንም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ በ1971 ፈንጣጣን ለማጥፋት ሲነሣ፣ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከታቢዎቹም በየደጋው የቆየውን ልማድ ሕያው ሆኖ አገኙት። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የታየው በ1976 ነው። በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያዋ መርካ ከተማ የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ተገኘ፤ በሽታውም ከምድር ጠፋ።

እነዚያ መግል የሚያስገቡ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር፦ ሰውነት አንዴ ያየውን ጠላት አይረሳም። ያ ትዝታ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያዝዘው ግን ማንም አያውቅም ነበር። በ1890 በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በደም ውኃ ውስጥ መርዝን የሚያከሽፍ ነገር እንዳለ አሳዩ። ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነው። በ1948 ስዊድናዊቷ አስትሪድ ፋግሬውስ አንቲቦዲ የሚመረተው ፕላዝማ ሴል በሚባሉ ሕዋሳት መሆኑን አረጋገጠች። ፕላዝማ ሴል ደግሞ የቢ ሴል ልጅ ነው፤ ቢ ሴል በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ ጠላቱን ሲያገኝ ይራባል፣ ይለወጣል፣ በሰከንድ ሺዎች አንቲቦዲ የሚረጭ ሕዋስ ይሆናል።

ለብዙ ጊዜ ቢ ሴል ራሱን የቻለ ይመስል ነበር። በ1966 ሄንሪ ክላማን በአይጥ ላይ እንዳሳየው ግን ከሌላ ወገን የሚመጡ ሕዋሳት፣ ቲ ሴሎቹ፣ ካላገዙት አንቲቦዲው በሚገባ አይመረትም። እገዛው የሚተላለፈው በመነካካት ብቻ አይደለም፤ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በሚላኩ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ጭምር ነው። ሳይቶካይን የምንላቸው እነዚህን ነው። በድሮው ዘመን ጦር ያለው ሁሉ ዝግጁ ቢሆንም ነጋሪት ካልተጎሰመና አዋጁ ካልተሰማ አይዘምትም ነበር፤ አዋጁም መነሣትን ብቻ ሳይሆን ወዴትና በምን መሣሪያ እንደሚዘመት ይናገር ነበር። የሳይቶካይንም ሥራ ይኸው ነው። ቢ ሴሉ ጠላቱን አውቆታል፤ ምን ዓይነት አንቲቦዲ እንደሚሠራ የሚነግረው ግን በዙሪያው ያለው መልእክት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለት ቡድኖች፣ በአሜሪካ ዴንቨር ኪሚሺጌና ተሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ኡፕሳላ ጉናር ዮሐንሶንና ሃንስ ቤንሂች፣ ከዚያ ቀደም የማይታወቅ የአንቲቦዲ ዓይነት አገኙ። በደም ውስጥ በጣም ጥቂት ነው፤ ከአስምና ከአለርጂ ጋር የተያያዘ መሆኑም ታወቀ። በ1968 አይጂኢ የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት ዮሐንሶን ከሜልቢንና ከሕፃናት ሐኪሙ ከቦ ቫልክዊስት ጋር በላንሴት መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ደሙ የተመረመረው የኢትዮጵያ ሕፃናት ደም ነበር፤ ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች። አይጂኢያቸው ከስዊድን ልጆች ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በተለይ ወስፋት ያለባቸው። ስዊድንና ኢትዮጵያ በሕፃናት ጤናና ምግብ ላይ አብረው የሚሠሩበት ዘመን ነበርና ግኝቱ ከዚያ ትብብር የወጣ ነው።

እስቲ ልብ እንበለው። አይጂኢ ስሙን ባገኘበት ዓመት፣ ይህ አንቲቦዲ የአለርጂ ብቻ ሳይሆን የትልም ጉዳይ መሆኑን ለዓለም ከተናገሩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ የእኛ ልጆች ደም ነው። በኢሚኖሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ትልና አይጂኢ አብረው ሲነሡ፣ ከጀርባው ወስፋት ሆዱን የነፋው የኢትዮጵያ ሕፃን አለ። ይህን በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ጮክ ብለን ስንናገረው አልሰማሁም፤ ሊነገር ግን ይገባዋል።

ለምን ከፍ አለ የሚለው መልስ ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1982 ሞሪን ሃዋርድና ዊልያም ፖል ቢ ሴልን የሚቀሰቅስ አንድ መልእክተኛ ለዩ፤ ኋላ ኢንተርሉኪን 4 ተባለ። በ1986 ቲም ሞስማንና ሮበርት ኮፍማን ረዳት ቲ ሴሎች በሚያወጡት ሳይቶካይን ሁለት ወገን መሆናቸውን በአይጥ አሳዩ፦ አንዱ ወገን ኢንተርፌሮን ጋማ፣ ሌላው ኢንተርሉኪን 4ና ዘመዶቹን ያወጣል። በ1988 በሰው ሕዋሳት ላይ የወጣው ውጤት ነገሩን ቋጨው። የጤነኛ ሰው ቢ ሴል ከቲ ሴል ጋር ሆኖ ኢንተርሉኪን 4 ሲደርሰው አይጂኢ ያመርታል፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ሲጨመርበት ምርቱ ይቆማል። ወስፋትና መንጠቆ ትል አንጀት ውስጥ ሲሰፍሩ የሚያስነሡት መልእክት ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቢ ሴሉን ወደ አይጂኢ ያዞሩታል፤ ኢንተርሉኪን 5 ደግሞ ትል የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ትሉ ለዓመታት ሲቆይ ኢንተርሉኪን 10 ይጨመራል፤ ይህም ቢ ሴሉን አይጂጂ4 ወደሚባለው ረጋ ያለ አንቲቦዲ ያደላዋል። ትሉና ልጁ በሰላም የሚመስል ኑሮ ይጀምራሉ። ልጁ ግን ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ትምህርት አይገባውም።

መልእክተኞቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በኦሳካ የእነ ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ ቡድን በ1986 ያገኘው ኢንተርሉኪን 6 ቢ ሴልን ወደ ፕላዝማ ሴልነት ይገፋል። ኢንተርሉኪን 21 ይህንኑ ያጠነክራል። ባፍ የሚባለው ቢ ሴሉን በሕይወት ያቆየዋል። ስለ ቲጂኤፍ ቤታ ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ወደ አይጂኤ፣ ማለትም አንጀትንና የእናት ወተትን ወደሚጠብቀው አንቲቦዲ የሚያዞረው እሱ ነውና። የእናትየዋ አንጀት ያየውን ጀርም የሚያውቁ ሕዋሳት ወደ ጡቷ ይሄዳሉ፣ አይጂኤውንም ለልጁ በወተት ይልኩለታል። ከሁሉ የበለጠ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር ውስጥ ነው። እኛ ግን በብዙ ቦታ እንገሩን አልበን ስንደፋ፣ አዲስ ለተወለደውም ቅቤ ስናልስ ኖረናል። እናቶቻችን ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ከወረስናቸው ልማዶች ውስጥ ግን ያለ ሐዘኔታ ልንተወው የሚገባን ይህ ነው።

በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢው ደጋ የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። በረኾቮት በካፕላን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጽቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ሰዎች ደም ሲመረምሩ፣ ኤችአይቪ የሌለባቸው ጤነኞች እንኳ የመከላከያ ሥርዓታቸው ያለማቋረጥ እንደተቀሰቀሰ አገኙት። አይጂኢው ከፍተኛ ነው፤ መልእክቱ ወደ ኢንተርሉኪን 4 ወገን አድልቷል። በእስራኤል ረጅም ጊዜ በቆዩትና ትላቸው በታከመላቸው ላይ ግን ይህ መቀስቀስ እየረገበ ሄደ። ስለዚህ ነገሩ የዘር ሳይሆን የኑሮ ነው፤ ከውኃ፣ ከአፈር፣ ከመጸዳጃና ከጫማ የሚመጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ዶክተር ጸሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከኔዘርላንድስ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ተመሳሳይ ነገር አዩ፦ ትኩስና ያልተነኩ ቲ ሴሎች ጥቂት፣ የተቀሰቀሱት ብዙ።

ከዚህ ሁሉ ግኝት ለእኛ ከባዱ ጥያቄ ክትባት ነው። ትል ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት መልእክት እየላከ ባለበት ሰውነት ውስጥ፣ ሌላ መልእክት የሚፈልግ ክትባት ቢሰጥ ምን ይሆናል? ዶክተር ዳንኤል ኤልያስ፣ ዶክተር ዳዊት ወልዳይ፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና የስዊድን ባልደረቦቻቸው በ2001 መልስ ሰጡ። ትል ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ከቢሲጂ ክትባት በፊት በአልቤንዳዞል ሲታከሙ፣ ቲ ሴሎቻቸው ለክትባቱ የሰጡት መልስና ያወጡት ኢንተርፌሮን ጋማ ካልታከሙት ይልቅ ተሻለ። ይህን በጥሞና ስናነበው፣ ለአያቶቻችን የኮሶ ቀንና የክትባት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ በሰውነት ውስጥ ግን አንድ ናቸው። የክትባቱን መድኃኒት ከጤና ጣቢያ እስከ ቀበሌ በበረዶ ሣጥን ተሸክመን ስናደርስ፣ የተከተበው ልጅ ሆድ ውስጥ ያለውንም አብረን ማሰብ ነበረብን።

ሌላው የአንቲቦዲ ትምህርት ከጎጃም ጋር ቁርኝቱ የበለጠ መራር ነው። ጎጃም ሥጋ ደዌ ጸንቶ ከኖረባቸው አገሮች አንዱ ነው፤ ሕሙማኑ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ፣ በየጠበሉ ሲንከራተቱ ያላየ የቀደመ ትውልድ የለም። ብዙ ሰው አንቲቦዲ በበዛ ቁጥር ጤና ይበዛል ብሎ ያስባል። ሥጋ ደዌ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። በአንደኛው የበሽታው ጫፍ አንቲቦዲው ጥቂት ነው፤ ኢንተርፌሮን ጋማው ግን ብርቱ ነውና ጀርሙ በቁጥር ያነሰ ነው። በሌላው ጫፍ ደሙ በአንቲቦዲ ተሞልቷል፤ ቆዳው ደግሞ በቢሊዮን በሚቆጠር ጀርም። በ1991 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ልዩነቱን በቁስሉ ውስጥ ባሉት ሳይቶካይኖች አሳየ፦ በመጀመሪያው ኢንተርሉኪን 2ና ኢንተርፌሮን ጋማ፣ በሁለተኛው ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 10። ጀርሙ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር አንቲቦዲ አይደርስበትም፤ የተሳሳተ መልእክት የወለደው ብዛት አይፈውስም።

ይህ ሳይንስ በአዲስ አበባ ሥር ሰዶ ነበር። የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት በ1965 ተመሠረተ፤ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እገዛ እዚያው ግቢ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኖርዌጂያዊው ቶሬ ጎዳል ሲሆን፣ ኋላ ለዓለም ሕፃናት ክትባት የሚያቀርበው የጋቪ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ደም ላይ የተማረው ዓለም አቀፍ የክትባት ሥራን መርቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ግን ኢትዮጵያውያኑ ራሳቸው ተረከቡት። ዶክተር ኤዴሳ ነገራና ባልደረቦቻቸው ከ2017 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች፣ በአለርት የሚታከሙ ሕሙማንን የሚያሠቃየውን የቆዳ እባጭና ትኩሳት ያለበት የሥጋ ደዌ ግብረ መልስ መረመሩ። ደማቸው ውስጥ የተቀሰቀሱ ባለ ትዝታ ቢ ሴሎች በዝተው ተገኙ፤ ቲኤንኤፍና ሌሎች እብጠት አምጪ ሳይቶካይኖች ከፍ ብለው፣ ፕሬድኒሶሎን ከተሰጣቸው በኋላ ዝቅ አሉ። ያ ግብረ መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕክምና በተጀመረ ሰሞን ወይም ከዚያ በኋላ ነውና፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱ ገደለኝ ብሎ ሊጥለው ይችላል። ሐኪሙ መልእክቶቹን ካወቀ ምን እየሆነ እንዳለ ለሕመምተኛው ያስረዳዋል።

አንቲቦዲ በዝቶ የማይፈውስበት ሌላ በሽታ ዛሬም በምሥራቅ ጎጃም ቤቶች ይገባል። የመኸሩ ጊዜ ሲደርስ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ካላዛርን ይዘው ይመለሳሉ፤ ሆዳቸው በጣፊያ ያብጣል፣ ትኩሳቱ ለወራት አይለቅም። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በደማቸው ውስጥ ባለው አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲው የበዛ ነውና። ግን ካልታከሙ ይሞታሉ፤ ኢንተርሉኪን 10 የመከላከያውን ክንድ ይዞታልና። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምና ማዕከል የሚወጡ ጥናቶችም የሚያተኩሩት ከአንቲቦዲው ብዛት ባሻገር ባሉት ሕዋሳትና መልእክቶች ላይ ነው።

ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጣል። ሌላ ዘመን ተጀምሯል ማለት ነው፤ ከዚህ ቀደም ማንም ትውልድ ያላየው። ያለ ወስፋትና ያለ መንጠቆ ትል የሚያድግ የደጋ ልጅ ቢ ሴሉ የሚሰማው መልእክት ይለወጣል። ክትባቱ የተሻለ ይሠራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ሌላ ነገርም አለ። በጅማና በዙሪያዋ በ1997ና በ2001 ላንሴት ላይ የወጡ ጥናቶች የመተንፈስ ሲርሲርታ በከተማ ከገጠር ይልቅ እንደሚበዛ፣ መንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይም ሲርሲርታው እንደሚያንስ አሳይተዋል። አይጂኢ ለትል የተሠራ ይመስላል፤ ትሉ ሲጠፋ የቤት አቧራን ሊመለከት ይችላል። ይህ ትልን እናቆይ ለማለት አይደለም፤ በመንጠቆ ትል ደሟ ያነሰ እርጉዝ ሴት ስትወልድ የምታልፍበትን መከራ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ግን ለውጡን የሚመዘግብ ሰው እንፈልጋለን። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ቅርብ ነው፤ የቢቸናና የሞጣ ሆስፒታሎች ሕፃናት ሲወለዱ ያያሉ። አንድ የተወለደ ልጅ ከእንገሩ ጀምሮ፣ በክትባቱ ቀን፣ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት የትል መድኃኒቱን ከመውሰዱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደም ቢመረመር፣ ለሃያ ዓመት ቢከተሉት፣ ኢንተርሉኪን 4ና ኢንተርፌሮን ጋማ፣ አይጂኢና አይጂጂ4 እንዴት እንደሚለዋወጡ እናውቃለን። በ1968ቱ ጽሑፍ የተቆጠሩት ሕፃናት ዛሬ ቢኖሩ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚወለዱበት ጊዜ ነው። የእነዚያ የልጅ ልጆች ደም የሚነበበው በዚህ አገር ላቦራቶሪ፣ በዚህ አገር ቋንቋ በሚያስረዳ ሐኪም እጅ እንዲሆን፣ ፍሪጁና መብራቱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ደመወዝና የምርምሩ በጀት ከአሁኑ ይመደብ።